«ዝባዝንኬ»፣ «እንቶ ፈንቶ»፣ «ቅዠት»፦ ለማይገባ ንግግር ትክክለኛው ቃል የቱ ነው?

ብዕር አንሺ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል አስቸግሮኝ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። ከእንግሊዝኛ አንድ አጭር ልቦለድ እየተረጎምኩ ነው። ልጁ ከሴት አያቱ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። አያቱ ሌሊት ሌሊት ለማንም የማይገባ ነገር ይናገራሉ። ቤተሰቡ ለዚያ ንግግር አንድ ስም አውጥቶለታል፤ ስሙ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው 14 ጊዜ ይመላለሳል። እንግሊዝኛው «ጂበሪሽ» ይለዋል።

እኔ መጀመሪያ «ዝባዝንኬ» አልኩት። አርታኢዬ ሰርዞ «ቅዠት» ብሎ መለሰልኝ። «ቅዠት» ልክ አልመሰለኝም፤ ቅዠት የሚያየውን ሰው እንጂ ንግግሩን አይነግረኝም። «ዝባዝንኬ»ም ጮክ ብዬ ሳነበው ንቀት አለበት። «እንቶ ፈንቶ»፣ «ልፍለፋ»፣ «ቅብጥርጥሮሽ» ሁሉንም አስገብቼ ሞከርኳቸው። አንዱም 14 ጊዜ ሳይሰለች አይሄድም። የቃላቱን ልዩነትና መነሻ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ካወቅሁ የት እንደሚገባ አውቃለሁ።

ፊደል ቆጣሪ
እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ የሚል ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ሳስብበት የኖርኩት ጉዳይ ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል የለውም ብል አላጋነንኩም፤ ያለው አንድ ሙሉ ቤተሰብ ነው፣ እያንዳንዱም የተለየ ጥፋት ነው የሚናገረው።

«ለፈለፈ» ብትይ እያንዳንዱ ቃል ሊገባ ይችላል፤ ጥፋቱ መብዛቱ ነው። «ዘባረቀ» ስትይ ነገሩ ተደባልቋል፤ ወገኑ «ዘበራረቀ» ነው፣ ዕቃም ይዘበራረቃል ንግግርም ይዘበራረቃል። «ቀባጠረ» ውስጥ ወቀሳ አለ። ሰው «አትቀባጥር!» የሚባለው መናገር የሌለበትን ሲናገር ጭምር ነው። «ዘላበደ» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ ሰውየው ለአፉ ልጓም የለውም። «አነበነበ» ለሰሚው አይሰማም እንጂ ለባለቤቱ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ከሩቅ ሲሰማ ያነበንባል። «ተንተባተበ» ምላሱ አልታዘዘውም። «ቃዠ» ከእንቅልፍና ከትኩሳት ጋር ነው የሚሄደው። አርታኢሽ ሌሊቱን አይቶ ወደዚህ የሄደ ይመስለኛል።

አሁን ድምፃቸውን ስሚው። ለፈ-ለፈ። ዘበ-ዘበ። ነዘ-ነዘ። ጨቀ-ጨቀ። ሁለት ተነባቢ ወስዶ መልሶ ይደግማል። ሌሎቹ ጭራቸውን ይደግማሉ፦ አጉተመተመ፣ አጉረመረመ፣ አልጎመጎመ፣ ተንተባተበ። ሰው ትርጉሙ ሲያመልጠው ጆሮው ላይ የሚቀረው የድምፅ ምልልስ ብቻ ነው፤ ቃሉም የተሠራው ከዚያ ምልልስ ነው። ዐረቦች ልፍለፋን «ሠርሠራ» ይሉታል፣ አሠራሩ ያው ነው። ግሪኮች ደግሞ ቋንቋቸውን የማይናገረውን ሕዝብ በሙሉ «ባርባሮስ» አሉት፤ ሲናገር «ባር ባር» ብቻ ይሰማናል ማለታቸው ነው። ሆሜር በኢሊያድ ሁለተኛ መጽሐፍ ካሪያ የሚባሉትን ሰዎች «ባርባሮፎኖይ» ይላቸዋል፤ ንግግራቸው ባር-ባር የሆነ እንደ ማለት ነው። አረመኔ የሚለው ትርጉም ኋላ የመጣ ነው። መነሻው የሰሚው ጆሮ ነበር።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥11 ላይ የተጠቀመበት ይኸው ቃል ነው። የቋንቋውን ፍቺ ካላወቅሁ እኔ ለተናጋሪው ባርባሮስ ነኝ፣ እሱም ለእኔ ባርባሮስ ነው ይላል። በሁለቱም በኩል! እኔ ይህችን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ።

ሰንበሌጥ
እኛ ቤት «እንቶ ፈንቶ» ነው የሚባለው። እናቴ ስልክ ላይ ረዘም ካልኩ «ይሄን እንቶ ፈንቶሽን ተይና ነይ» ትለኛለች።

ስለ «ዝባዝንኬ» ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። «ዝ» በግዕዝ «ይህ» ማለት ነው። «ባዝን» ክርስቶስ ሲወለድ ነግሦ ነበር የሚባለው ንጉሥ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ደግሞ የግዕዝ አጋናኝ ናት። ስለዚህ «ይህ የባዝን ነገር እኮ» የሚል ያረጀ አባባል ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊደል ቆጣሪ
ሰንበሌጥ፣ ሦስቱም ቁርጥራጭ በየራሳቸው እውነት ናቸው። «ዝ» ይህ ነው፣ ባዝን በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ አለ፣ «ኬ»ም አለች። ግን ረዘም ያለ ቃል ይዘሽ በግዕዝ ቢላዋ ብትቆርጪው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወጣል። ማስረጃ የሚሆነው ያ ሐረግ በአንድ ድርሳን ወይም ዜና መዋዕል ውስጥ በዚያ ትርጉም ተጽፎ ሲገኝ ነው። ያለዚያ መምሰል ብቻ ነው።

እንግሊዞችም በራሳቸው ቃል እንዲሁ ሆነዋል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ጂበሪሽ» የመጣው ከኬሚስቱ ከጃቢር ኢብን ሐያን ስም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፤ አውሮፓውያን «ገበር» ይሉት ነበርና። የጃቢር ጽሑፎች ለማያውቅ ሰው የማይፈቱ ስለሆኑ ግምቱ ያምራል። ዛሬ የቃል ታሪክ የሚያጠኑት ግን ወደ ድምፁ ነው የሚያደሉት፤ ልክ እንደ እኛ «ለፈለፈ» ከአፍ ድምፅ የተቀዳ ነው ይላሉ።

«እንቶ ፈንቶ»ን ካነሳሽ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። «እንቶ ፈንቶ»፣ «ትርኪ ምርኪ»፣ «አርቲ ቡርቲ»። ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያው ማሚቶ ነው፣ ራሱን ችሎ አይቆምም። «ፈንቶ አመጣሁ» የሚል ሰው ሰምተሽ አታውቂም። የማሚቶው መነሻ ደግሞ ፈ፣ መ፣ በ ነው፤ ሦስቱም በከንፈር የሚባሉ ናቸው። ቱርኮችም መጽሐፍና መሰል ኮተት ለማለት «ኪታፕ ሚታፕ» ይላሉ፣ ፋርሶች «ከታብ መታብ»። ሁለቱም ወደ «መ» ነው የሄዱት። ቃሉ ትርጉሙን ትቶ ወደ ከንፈር ሲወጣ ይታየኛል።

የብራና ልጅ
እኔ ወደ ሌላ ቃል ልውሰዳችሁ። ቃሉ «አስማት» ነው።

ዛሬ አስማት ሲባል ሰው የሚያስበው ጥንቆላን ነው፤ ወይም ደብተራው የሚደግመውን፣ ማንም የማይፈታውን ቃል። ግን ቃሉን በግዕዝ ዓይን እዩት። ስም፣ አስማት። ብዙ ቁጥር ነው። «አስማት» ማለት «ስሞች» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም። በክታብ ላይ «በኃይለ ዝንቱ አስማቲከ» የሚለውን ብታገኙ «በእነዚህ ስሞችህ ኃይል» ነው የሚለው። ስሞቹ ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክ፣ ከዐረብኛ እየተቀዱ፣ ጸሐፊ ከጸሐፊ እየተቀባበላቸው ሲሄዱ ተሸረሸሩ። ሰሚው ትርጉሙን አጣ። ከዚያ «ስሞች» የሚለው ቃል ራሱ ለማይገባ ነገር መጠሪያ ሆነ።

አንድ ምሳሌ በደንብ ላሳያችሁ። አምስቱን ቅንዋተ መስቀል ታውቋቸዋላችሁ፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ እጄን ይዘው በጣቶቼ እያስቆጠሩ ነው ያስጠኑኝ፤ አውራ ጣት ሳዶር፣ ትንሿ ጣት ሮዳስ። የምን ቋንቋ እንደሆነ ስጠይቃቸው «የችንካሮቹ ስም ነው ልጄ» ነበር መልሳቸው።

ካደግሁ በኋላ የላቲኑን አምስት ቃል አየሁ፦ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። አምስቱን እያንዳንዳቸው በአምስት ፊደል አንዱን ከአንዱ በታች ብትጽፏቸው አራት ማዕዘን ይሆናሉ። ከግራ ብታነቡት፣ ከቀኝ ብታነቡት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያው ነው የሚወጣው። ሳቶር ዘሪ ነው፣ ቴኔት ይይዛል፣ ኦፔራ ሥራ፣ ሮታስ መንኮራኩሮች። ይህ ጽሑፍ በ79 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተገኝቷል። ከዚያ በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከጎን ለጎን አድርጋችሁ በሉት፦ ሳቶር ሳዶር፣ አሬፖ አላዶር፣ ቴኔት ዳናት፣ ኦፔራ አዴራ፣ ሮታስ ሮዳስ። «ት» ወደ «ድ» ተለሰለሰች እንጂ ቃሎቹ ቅደም ተከተላቸውን እንኳ አልሳቱም።

ላቲን ተናግሮ የማያውቅ አገር ውስጥ፣ ላቲን ያልሰሙ አያቴ፣ በእኔ ትንሽ ጣት ላይ ላቲን ቆጠሩ። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ይሰማኛል።

መስቀለኛ መንገድ
የብራና ልጅ፣ እርስዎ በአክብሮት እንደጻፉት አይቻለሁ። ግን ርእሱ «ዝባዝንኬ» በሆነበት ቦታ የቅንዋቱ ስም ሲነሳ ልቤ አልወደደውም። እኛ የምንጸልይባቸው ስሞች ናቸው።

የብራና ልጅ
ወንድሜ፣ ቅሬታህ ይገባኛል። እኔም እጸልይባቸዋለሁ፣ ዛሬም ጠዋት ብያቸዋለሁ። ያመጣኋቸው ተቃራኒውን ለማሳየት ነው፤ ላልገባው ሰው ትርጉም የለሽ የሚመስል ቃል ከጀርባው ረጅም መንገድ ሊኖረው ይችላል። ስሞቹ ለእኛ የችንካሮቹ ስሞች ናቸው። ከዚያ በፊት የት እንደነበሩ ማወቄ ጸሎቴን አላቀለለብኝም።

መስቀለኛ መንገድ
እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ተቀብያለሁ። ስለ አያትዎ ጣት የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። እሷም በጣት እንዳስጠኗት ነገረችኝ።

የሰፈር ልጅ 3
እናንተ ስለ ጥንቱ ስታወሩ እኔ የወፍ ቋንቋ ትዝ አለኝ። እኛ ሰፈር ሴቶቹ ልጆች ናቸው የጀመሩት። ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ «ዘ»ን በዚያው ፊደል ድምፅ ያስገባሉ። «ሰላም» ለማለት «ሰዘላዛምዝ»። «ነገ ና» ለማለት «ነዘገዘ ናዛ»። በዝግታ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ እነሱ ግን በሩጫ ነበር የሚሉት፣ እውነትም ግንድ ላይ የሰፈሩ ወፎች ይመስሉ ነበር። ታላቅ እህቴና ጓደኛዋ ከእኔ ፊት ቆመው ስለ እኔ ያወሩ ነበር። እኔ «ዝም ብላችሁ ታንጫጫላችሁ» እላቸው ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ በር ሥር ተቀምጬ ሳዳምጥ ድንገት አንድ ዓረፍተ ነገር ገባኝ። ልደቴን ሊያከብሩልኝ እየተመካከሩ ነበር! ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፣ እስከ ዕለቱም አፌን አልከፈትኩም።

ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ «ዘ» ብትዘል ይስቁብሃል። ከውጭ ለሚሰማው ጫጫታ ነው፣ ከውስጥ ግን ከተራው አማርኛ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ፊደል ቆጣሪ
ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። የአዝማሪዎች ቋንቋ፣ የዛር ባለቤቶች የሚናገሩት ቋንቋ፣ እነዚህን ሁሉ ቮልፍ ሌስላው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ሰብስቦ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟቸዋል። ቃላቱ ይቀየራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ፊደል ይጨመርባቸዋል፤ ሰዋስዉ ግን አማርኛ እንደሆነ ይቀራል። ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፣ «ን» ተሳቢውን ትይዛለች።

መዝገብ ክፍል
ከእኔ ሥራ አንድ ልጨምር። ደብዳቤ ሳነብ ነው የምውለው። «ጉዳዩ በሚመለከተው አካል በኩል ታይቶ አግባብነቱ ሲረጋገጥ አስፈላጊው ሁሉ እንዲከናወን በሚያስችል መልኩ አቅጣጫ የተቀመጠ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ የያዙ አንድ አባት መጥተው «ልጄ፣ ፈቅደውልኛል ወይስ ከልክለውኛል?» አሉኝ። ሦስቴ አነበብኩት። መመለስ አልቻልኩም። እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ ልዩ ቃል አላቸው፤ «ጎብልዲጉክ»። የዚህኛው ቃል አባቱ ይታወቃል። ሞሪ ማቨሪክ የሚባል የቴክሳስ ፖለቲከኛ በ1944 በሚመራው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጻፉት ማስታወሻዎች ቢያስመርሩት እንዲህ ያለ ቋንቋ እንዳይጻፍ አዘዘ፣ ቃሉንም በዚያው ፈጠረው። ከየት አመጣኸው ቢሉት ቱርክ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደረቱን ነፍቶ ሲጮህ ከሚያሰማው ድምፅ ነው አለ። እኛ ለዚህ ያለን ቅርቡ ነገር «ቅኔ ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» የሚለው ተረት ይመስለኛል። «ዲስኩር»ም ወደዚያ ያዘነብላል፤ ከፈረንጅ ሲመጣ ንግግር ብቻ ነበር ትርጉሙ፣ እኛ ዘንድ ሰነባብቶ ባዶ ንግግር ሆነ። «ቱሪናፋ» ግን ጉራ አለበት፣ ለደብዳቤ አይሆንም።

አባትየውን ደብዳቤውን ወደጻፈው ክፍል ይዣቸው ሄድኩ። ተከልክለው ነበር።

ነጭ ጋዋን
ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ አነባለሁ እንጂ። ፊደል ቆጣሪ ስለ ባርባሮስ የጻፈውን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ሲመላለስ ሰነበተ።

ነርስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ታካሚ ነበሩን። አማርኛቸው ጥሩ ነበር፣ ከ40 ዓመት በላይ የኖሩት አማርኛ በሚነገርበት ከተማ ነው። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው አማርኛውን ተዉት። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ድምፅ ይደጋግማሉ። የተረኛዋ መዝገብ ላይ «ይቃዣሉ፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይደጋግማሉ» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ስረከብ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ይታየኛል።

ሊነጋ ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ልትወለውል ገባች። መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመችና «ሲስተር፣ ውኃ እኮ ነው የሚሉት» አለችኝ። ወላይትኛ ነበር። «ሃታ፣ ሃታ» ነበር የሚሉት። ሃታ ውኃ ነው። አጠገባቸው ተቀምጣ በቋንቋቸው አናገረቻቸው፣ በማንኪያ አጠጣቻቸው፣ እሳቸውም እጇን ይዘው ብዙ ነገር ነገሯት። ያን ሌሊት ስንት ጊዜ ውኃ እንደጠየቁ አላውቅም። እኔ አልቆጠርኩም፣ ምክንያቱም ቃል አይደለም ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ «ትርጉም የሌለው» ብዬ ጽፌ አላውቅም። «እኔ ያልገባኝ» እላለሁ፣ የሰማሁትንም ድምፅ እንደሰማሁት በፊደል እጽፈዋለሁ። የእኛ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው።

ፊደል ቆጣሪ
ነጭ ጋዋን፣ ይህን ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ሰንበሌጥ
ብዕር አንሺ፣ የልቦለድሽ አያትስ? ጽሑፉን እስቲ መልሰሽ እዪው።

ብዕር አንሺ
ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ መልሼ አነበብኩት። ነጭ ጋዋን፣ የአንቺን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገጽ 6 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሁለት ጊዜ ተርጉሜያት ሳላያት አልፌያለሁ። አያቱ «በሰባት ዓመታቸው ከወንዙ ማዶ መጡ» ትላለች። ሌላ ምንም አልተባለም። ደራሲው ከዚያ በኋላ ወንዙን አያነሳውም። ሌሊት የሚናገሩት ግን ያ ነው፤ የወንዙ ማዶ ቋንቋ። ቤተሰቡ አያውቀውም፣ ልጁም አያውቀውም፣ እኔም ተርጓሚዋ አላወቅሁትም ነበር። ለዚያ ነው ቃሉን መምረጥ ያቃተኝ፤ 14ቱንም ቦታ የአንድ ሰው አፍ አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው።

አሁን ከፍዬዋለሁ። አባትየው ሲናገር «ቅዠት» ይላል፤ አርታኢዬ እዚያ ላይ ልክ ነበር፣ አባትየው የሚያየው በሽታ ነው። አጎትየው «ዝባዝንኬ» ይላል፣ እሱ ይንቃል። ንቀቱ የእሱ ስለሆነ አሁን አያስቸግረኝም። ልጁ ግን «የወፍ ቋንቋ» ይለዋል። የሰፈር ልጅ፣ ከአንተ ነው የወሰድኩት። ልጁ አይገባውም፣ ግን ቋንቋ መሆኑን አይጠራጠርም፤ እንደ አንተ በር ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆኗል፦

«አያቴ መብራት ሲጠፋ የወፍ ቋንቋቸውን ይጀምራሉ፤ እኔም ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እሰማቸዋለሁ።»

የሰፈር ልጅ 3
ደስ ብሎኛል! ግን አንድ ጥያቄ። አያቱ ራሳቸው ሲናገሩ የሚጻፍበት ቦታ የለም? እዚያስ ምን አደረግሽ?

ብዕር አንሺ
አለ፣ ገጽ 19 ላይ ሁለት መስመር። ደራሲው በድምፅ ብቻ ነው ያስቀመጠው። እንደተሰማ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፣ በአማርኛ አልፈታሁትም። አርታኢዬ ከግርጌ ማብራሪያ ጠይቆኛል። አላስገባም ብዬዋለሁ፣ ነገ እንነጋገራለን።